ከመርከቡ በር እስከ ኤፌሶን ደጃፍ

ጉልበታቸው የደከመ እናት አባቶችን ይዞ በኤጂያን ባሕር፣ ወደብ ለወደብ

ሳንቶሪኒ ሲደርስ መርከቡ ባሕሩ ላይ ይቆማል እንጂ ወደብ አይጠጋም። ፊት ለፊት ጥቁርና ቀይ ገደል ከውኃው ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ ነጫጮቹ ቤቶች ጫፉ ላይ ተደርድረዋል። ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳ እሳተ ገሞራ የደሴቲቱን መሐል አስምጦ ባሕር ስላስገባበት፣ ከገደሉ ሥር ያለው ውኃ ከ300 ሜትር በላይ ይጠልቃል። መንገደኛው በመርከቡ ጎን፣ ከውኃው ጥቂት ከፍ ብሎ በተከፈተ በር በኩል «ቴንደር» ወደሚሏት ትንሽ ጀልባ ይሻገራል። ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሁለት መርከበኞች ግራና ቀኝ ቆመው የሰዉን ክንድ ይይዛሉ፤ የጀልባዋ ወለል ከበሩ ጋር እኩል ሲሆን «አሁን!» ይላሉ፣ ሰዉ ይራመዳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ገደሉ ነው። ከአሮጌው ወደብ ወደ ፊራ ከተማ መውጫው ሦስት ነው፦ ወደ 590 የሚጠጉ የድንጋይ ደረጃዎች፣ በእነዚሁ ደረጃዎች ላይ የሚመላለሱ አህዮችና በቅሎዎች፣ ወይም ኬብል ካር። ኬብል ካሩ ሽቅቡን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል፤ በበጋ ብዙ መርከብ በአንድ ቀን ሲገናኝ ግን ወረፋው ፀሐይ ላይ ሰዓታት ያስቆማል።

እናቴ ያቺን ጀልባ አልተሳፈረችባትም። እንደማትሳፈር የቆረጠችው ደግሞ ከወራት በፊት ሜሪላንድ፣ ወንድሜ ቤት፣ ቡና እየተጠጣ ነው። ወንድሜ የሳንቶሪኒን ፎቶግራፍ በስልኩ አሳያት፤ ደረጃውንም፣ በቅሎዎቹንም። «በበቅሎ ከሆነማ እኔ አውቅበታለሁ» አለችና ሳቀች። ቀጥላ መነጽሯን አድርጋ ደረጃውን ደህና አድርጋ አየችው። «ይኼስ ይቅርብኝ። ኤፌሶንን ግን አሳዩኝ።»

የጉዞው ዕቅድ የተሠራው በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ነው።

ብሮሹሩ የማይነግረው መንገድ

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ለመዝናናት ሲያስቡ የሽርሽር መርከብ የሚመርጡበት በቂ ምክንያት አላቸው። ሻንጣ የሚፈታው አንድ ጊዜ ነው። አልጋው፣ መታጠቢያው፣ ምግቡ አብሮ ይጓዛል። በየቀኑ ሆቴል መቀየር፣ ባቡር መሮጥ የለም። ከፒሬየስ ተነሥተው በሚኮኖስ፣ በኩሻዳሲ፣ በፍጥሞ፣ በሮድስ፣ በቀርጤስና በሳንቶሪኒ የሚያዞሩት ጉዞዎች ደግሞ ለኢትዮጵያዊት እናት ሌላ መስሕብ አላቸው፤ ከስሞቹ አንዳንዶቹን ከሐዋርያት ሥራና ከራእየ ዮሐንስ ታውቃቸዋለች።

ችግሩ ብሮሹሩ የሚያሳየው መድረሻውን ብቻ መሆኑ ነው። «ሮም» ተብሎ የተጻፈው ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «አቴና» ማለት ፒሬየስ ነው፤ አክሮፖሊስ ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሄድ ለማይከብደው ሰው ይህ የአውቶቡስ ጉዳይ ነው። እርምጃው ላጠረ ሰው ግን ቀኑ የሚያልቀው መሐል መንገድ ላይ ነው፦ ከካቢን እስከ ሊፍት፣ ከሊፍት እስከ መውረጃው፣ ከመውረጃው እስከ ወደቡ በር፣ ከበሩ እስከ አውቶቡሱ፣ ከአውቶቡሱ እስከ ትኬት መቁረጫው። ሐውልቱ ፊት ሲደረስ ጉልበት አልቋል።

የአንድ አረጋዊ የቀን ጉልበት እንደ ጡረታ ገንዘብ ነው፤ አይጨመርበትም፣ የሚታሰበው የት ይውጣ የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው ስለ እያንዳንዱ ወደብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከመርከቡ በር እስከሚታየው ነገር ድረስ እግር ምን እንደሚገጥመው ነው። ምን እንደሚታይ የሚጠየቀው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

የሚጠጋና የማይጠጋ

የመጀመሪያው መለያ ቀላል ነው፦ መርከቡ ወደቡ ላይ ይታሰራል ወይስ በቴንደር ያወርዳል? ፒሬየስ፣ ኩሻዳሲ፣ ሮድስና ቀርጤስ ላይ ያለው ሄራክሊዮን መርከብ የሚጠጋባቸው ናቸው፤ ሰው በመሸጋገሪያ ድልድይ ሄዶ መሬት ይረግጣል። ሳንቶሪኒ ሁልጊዜ ቴንደር ነው። ሚኮኖስ እንደ ቀኑና እንደ መርከቡ ብዛት ይለያያል፤ አዲሱ ወደብ ላይ ከታሰረ ወደ ከተማው የሚያደርስ ጀልባ ወይም አውቶቡስ አለ። ፍጥሞ አብዛኛውን ጊዜ ቴንደር ነው፤ ትንንሽ መርከቦች ግን ሊጠጉ ይችላሉ።

የኤጂያን ባሕር ለሚወርድ ሰው አንድ በጎ ነገር አለው። የሜዲትራኒያን ውኃ በቀን ውስጥ ብዙም ከፍ ዝቅ አይልም፤ ስለዚህ ጠዋት ለጥ ብሎ የወረዱበት መሸጋገሪያ ከሰዓት በኋላ አቀበት ሆኖ አይጠብቅም። እንደ አላስካ ባሉ ወደቦች ግን ውኃው ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ ብዙ ሜትር ስለሆነ ያው መሸጋገሪያ በሰዓታት ውስጥ ጠባዩን ይለውጣል። የኤጂያን ጠላት ነፋስ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰሜን የሚነፍሰው ሜልቴሚ ሲበረታ ቴንደር ይቆማል፤ አንዳንዴ መርከቡ ደሴቲቱን ሳይነካ ያልፋል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው ሰውን ተሸክመው ወደ ጀልባ እንዲያሻግሩ አይፈቅዱም። መንገደኛው በሰው እጅ ተደግፎም ቢሆን ጥቂት እርምጃ በራሱ መራመድ አለበት፤ ዊልቸሩ ታጥፎ ለብቻው ይተላለፋል። በዕለቱ ባሕሩ ከተናወጠ የሚወስነው መርከቡ ነው፤ «ከፍያለሁ» ማለት አይረዳም። ስለዚህ ልብ የሚፈልገው ቦታ ቴንደር ያለበት ደሴት ላይ ብቻ ከሆነ ጉዞው ከመጀመሪያው በዕድል ላይ ቆሟል።

ለሳንቶሪኒ አንድ ሌላ መንገድ አለ። ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሚያዘጋጁት ጉብኝት ብዙ ጊዜ ሰዉን የሚያወርደው አቲኒዮስ በሚባለው ሌላ ወደብ ነው፤ እዚያ አውቶቡስ ቆሞ ይጠብቃል፣ በጠመዝማዛው አስፋልት ወደ ላይ ይወጣል። ሲመለሱ ግን አብዛኞቹ በፊራ ኬብል ካር እንዲወርዱ ያደርጋሉ። መልሱም በአቲኒዮስ በኩል ይሁን አይሁን ከመክፈል በፊት መጠየቅ ነው። በቅሎውን በተመለከተ የግሪክ መንግሥት በ2018 እንስሳቱ ከ100 ኪሎ ወይም ከክብደታቸው አንድ አምስተኛ በላይ እንዳይሸከሙ ደንግጓል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በተወለወለ ድንጋይ ደረጃ ላይ በበቅሎ መውጣት ግን ደንብ ኖረም አልኖረ አይመከርም።

ሕጉ እስከ የት ይሸኛል

ከአውሮፓ ኅብረት አገር ወደብ የሚነሣ የክሩዝ መንገደኛ በደንብ ቁጥር 1177/2010 የተሰጠ መብት አለው። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው በዚህ ደንብ መሠረት መንቀሳቀስ የሚከብደው ሰው ወደብ ላይና መርከብ ሲሳፈር ሲወርድ ያለ ክፍያ እርዳታ ያገኛል፤ ይህ ግን ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ሲያሳውቅ ነው። ልዩ ካቢን ወይም የሚይዘው የሕክምና መሣሪያ ካለ ደግሞ ቦታ ሲይዝ መናገር አለበት። ዊልቸሩ በኩባንያው ጥፋት ቢሰበር ካሣ አለው። በአሜሪካ በኩል በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ስፔክተር» በሚባለው የኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን ጉዳይ የውጭ አገር ባንዲራ የሚያውለበልቡ መርከቦችም በአሜሪካ ውኃ ላይ ሳሉ የአካል ጉዳተኞች ሕግ እንደሚመለከታቸው ወስኗል።

ሕጉ የሚሸኘው ግን እስከ ወደቡ በር ነው። የደሴቱን ደረጃ አያነሣም። ከበሩ ወዲያ የሚያገለግለው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም «ለአረጋውያን ይመቻል?» የሚል መሆን የለበትም፤ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ደረጃው ስንት ነው? የእጅ መደገፊያ አለው? አውቶቡሱ ከበሩ ምን ያህል ይርቃል? መጸዳጃ ቤቱ ከመግቢያው በፊት ነው ወይስ በኋላ? አውቶቡሱ ራሱ ስንት ደረጃ አለው? ዊልቸሩን የሚገፋውስ ማነው? የመጨረሻው በተለይ አይረሳ፤ አስጎብኚ ያስጎበኛል እንጂ አይገፋም።

በግል ታክሲ ወይም በመርከቡ ጉብኝት መካከል ያለው ምርጫም እዚህ ላይ ይመጣል። የመርከቡ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ በግል የሄደን ግን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። በሌላ በኩል የመርከቡ ቡድን 40 ሰው ሆኖ በሰንደቅ ዓላማ እየተመራ ይሮጣል፤ ታክሲ ግን በእናት እርምጃ ይሄዳል። ቦታው ቅርብ ከሆነ፣ እንደ ኤፌሶን፣ ታክሲው ይሻላል። መንገዱ ረጅም ከሆነ፣ እንደ ሮም፣ ከመርከቡ ቡድን ጋር መሄድ ልብ ያሳርፋል።

በታችኛው በር

ኩሻዳሲ ላይ መርከቡ ወደቡ ላይ ታስሮ ነበር። ኤፌሶን ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛው ቡድን የሚገባው በላይኛው በር ነው፤ ምክንያቱም ከተማዋ ቁልቁል ስለሆነች አውቶቡሱ ከላይ አውርዶ ታች ይጠብቃል። «ቁልቁለት ነው፣ አይከብድም» ይባላል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግን ያውቀዋል፤ ቁልቁለት ከአቀበት ይብሳል። ያውም መንገዱ በዘመናት እግር የተወለወለ እብነ በረድ ነው፤ በመሐሉ ስንጥቅና የተነሣ ድንጋይ አለው።

እኛ በታችኛው በር ገባን። ከዚያ በኩል ትልቁ ቴአትር፣ የወደቡ ጎዳናና የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት ይብዛም ይነስ በሜዳ ላይ ናቸው። የላይኛው ከተማ ይቀራል። ታናሽ እህቴ ዊልቸሩን ከታክሲው አውርዳ ስትዘረጋ እናቴ አየቻት።

«ይኼ ለማን ነው?»

«ለቦርሳው ነው፣ እማዬ።»

«ቦርሳው እግር የለውም?»

ቦሌ ላይ ዊልቸር መጠየቅ ለእናቶቻችን ነውር አይደለም። ቋንቋ የማያውቁበት አገር ሲሄዱ ከበር እስከ በር የሚያደርሳቸው ሰው አብሮ ስለሚመጣ ይመርጡታል። ለሽርሽር ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ «ሰው ምን ይለኛል» ይመጣል። መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም። ዊልቸሩ ቦርሳ ጭኖ ከጎን ይሄዳል፤ እናት ከዘራዋን ይዛ በእግሯ ትሄዳለች፤ ሲደክማት የምትቀመጥበት አለ። ይህ ሁሉ ሳይነገር የታወቀ ነው። እናቴ እስከ ቴአትሩ በእግሯ ሄደች። ጳውሎስን በመቃወም የኤፌሶን ሰዎች የጮኹበት፣ ከ20 ሺህ ሰው በላይ ይይዝ የነበረው ቴአትር ይኼ ነው ስንላት ሽቅብ አየችው፣ የእህቴን እጅ ያዘች፣ ቦርሳውን አነሣችና ተቀመጠች።

አስጎብኚዎች ቸኩለው የሚያልፉት ቦታ ከታችኛው በር ወደ ጎን ወጣ ብሎ ይገኛል፤ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ431 ሦስተኛው ጉባኤ የተቀመጠው እዚህ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸው ጉባኤያት ሦስት ናቸው፤ ኒቅያ፣ ቁስጥንጥንያና ኤፌሶን። ንስጥሮስ የተወገዘው፣ እመቤታችን ወላዲተ አምላክ መሆኗ የጸናው በኤፌሶን ነው። የጉባኤው መሪ የእስክንድርያው ቄርሎስ በቅዳሴው ይታወሳል፤ በስሙ የሚጠራው መጽሐፈ ቄርሎስም ገና በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ ከተተረጎሙት መጻሕፍት አንዱ ነው።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሁለት መቶው ሊቃውንት የተቀመጡት እዚህ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ጫማዬን ላውልቅ?»

ጠጠርና እሾህ ነበር፤ እህቴ ልትከለክላት አፏን ከፍታ ተወችው። እናቴ አንድ እግሯን አወለቀች፣ ረገጠች፣ «ይኼስ ይወጋል» ብላ መልሳ አጠለቀች። ድመቶች የወደቁት አምዶች ላይ ተኝተው ያዩን ነበር። የጥምቀቱ ገንዳ ድረስ ሄድን። ዊልቸሩ እዚያ አልገባም፤ አፈሩ ሸካራ ነው። ቴአትሩ ጋ ተቀምጣ ያተረፈችው ጉልበት ያገለገለው እዚህ ነው። የላይኛውን በር ብንመርጥ ኖሮ እዚህ ስንደርስ «እናንተ እዩት፣ እኔ እዚህ ልጠብቃችሁ» ትለን ነበር።

አቴናና ፍጥሞ

ሌሎቹም ቦታዎች በዚሁ ዓይን ይታያሉ። አክሮፖሊስ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለአካል ጉዳተኞችና መንቀሳቀስ ለሚከብዳቸው ሰዎች አዲስ ሊፍት አለው፤ ከላይም በዐለቱ ላይ የተነጠፈ የሲሚንቶ መንገድ ተሠርቶለታል። መንገዱ ቅርስ ነካ ተብሎ ብዙ ክርክር ቢያስነሣም ዊልቸር ፓርቴኖን አጠገብ የሚደርሰው በእሱ ነው። ትኬቱ ሰዓት ተወስኖለት የሚቆረጥ ነው፤ ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ቦታው በቀትር የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። ከሥሩ ያለው አርዮስፋጎስ፣ ጳውሎስ ለአቴና ሰዎች የተናገረበት ዐለት፣ ላዩ እጅግ ያንሸራትታል። ንግግሩ በግሪክኛ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ግን ከዐለቱ ግርጌ ተለጥፏል፤ ለማየት መውጣት አያስፈልግም።

ሄራክሊዮን ላይ ክኖሶስ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ሮድስ ላይ የድሮው ከተማ ግንብ ከወደቡ አጠገብ ነው፤ መሬቱ ግን ክብ ጠጠር የተተከለበት ስለሆነ ዊልቸር ያንገጫግጫል፤ ከግንቡ ውጭ በማንድራኪ ዳርቻ መንሸራሸር ይቀላል። ሊንዶስ የሚባለው ሌላው የሮድስ መስሕብ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በዚያ ላይ 300 ያህል ደረጃ አለው፤ ይለፍ።

ፍጥሞ ለብቻው ማሰብ ይፈልጋል። ስካላ የተባለው ወደብ ወደ ደሴቲቱ ወገብ ገባ ያለ ስለሆነ ውኃው ከሳንቶሪኒ ይልቅ የተረጋጋ ነው፤ ጀልባዋ የምታወርደውም ሜዳ ላይ፣ ታክሲ አጠገብ ነው። ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻ ከስካላ ወደ ላይኛው ከተማ በሚወስደው መንገድ እኩሌታ ላይ ይገኛል። መኪና እስከ ደጁ ይደርሳል፤ ከዚያ በግቢው ውስጥ ወደ ታች 40 ያህል ደረጃ አለ። ስለዚህ ልፋቱ የሚመጣው ሲመለሱ ነው። ከቡድኖቹ በፊት ወይም በኋላ መድረስ፣ በየዕርከኑ ማረፍ፣ ከኋላ የሚገፋ ሰልፍ አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በ1088 የተመሠረተው የዮሐንስ ገዳም ደግሞ ከመኪና ማቆሚያው ሽቅብ በኮረት መንገድ የሚወጣበት ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ ለብርቱ ሰው ነው። ዋሻውን የመረጠ ገዳሙን ከወደቡ ሆኖ ያየዋል፤ እንደ ምሽግ ኮረብታው አናት ላይ ተቀምጧል፣ ከየትም ይታያል።

ወሩ፣ ጾሙ፣ ወረቀቱ

ልጆች ፈቃድ የሚያገኙት ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴ ግን ሙቀቱ፣ ሕዝቡና ሜልቴሚው የሚገናኙበት ወር ነው፤ በዚያ ላይ ጾመ ፍልሰታ አለ። በጠራራ ፀሐይ እስከ ቀትር ምንም ሳትቀምስ የምትውል እናትን ይዞ ፍርስራሽ መዞር አይታሰብም። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ኀምሳ ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ነው፤ የኤጂያን አየርም ያን ጊዜ ለስላሳ ነው። መስከረም ሁለተኛው ምርጫ ነው። በጾም ቀን ከሆነም ኩባንያው አስቀድሞ ከተነገረው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ ያዘጋጃል፤ «ቪጋን» ብሎ ማስመዝገብ ይበቃል።

ካቢኑ ሌላ ቀድሞ የሚያልቅ ነገር ነው። ሰፊ በርና ያለ ዕርከን የሚገቡበት ሻወር ያላቸው ክፍሎች በየመርከቡ ጥቂት ናቸው። የተራው ካቢን በር ጠባብ ስለሆነ የዊልቸሩን ስፋት ለክቶ መጠየቅ ይገባል፤ ለእሳት አደጋ ሲባል ኮሪደር ላይ ማቆም አይፈቀድም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘች እናት ኩሻዳሲ ሌላ ጉዳይ አላት። ቱርክ ከሼንገን ክልል ውጭ ናት፤ መርከቡ ከግሪክ ወጥቶ ተመልሶ ስለሚገባ የሼንገኑ ቪዛ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ የቱርኩም ለብቻው ይጣራል። በአሜሪካ ሜዲኬር ያላቸው ደግሞ ኢንሹራንሱ ከአገር ውጭ በአብዛኛው እንደማይከፍል፣ መርከብ ላይም ከአሜሪካ ወደብ ከ6 ሰዓት በላይ ከራቀ እንደማይሸፍን ይወቁት፤ ለጉዞው ብቻ የሚሆን ኢንሹራንስ መግዛት ግድ ነው። መድኃኒት ሁልጊዜ በእጅ ቦርሳ ነው፤ ሻንጣው ወደቡ ላይ ተወስዶ ካቢን የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ያልተወረደበት ወደብ

ሳንቶሪኒ ላይ እናቴ ከመርከቡ አልወረደችም አልኩ። ሰው «ያን ያህል ከፍላችሁ!» ይላል። እውነቱን ለመናገር ደሴቲቱ ከሁሉ ይልቅ የምታምረው ከባሕሩ ላይ ስትታይ ነው፤ ፊራ ላይ የወጡት ሰዎች የሚያዩት የእኛን መርከብ ነው። እህቴና ወንድሜ ወረዱ፤ እኔ ቀረሁ። በሚቀጥለው ወደብ ተረኛው ሌላ ነው። ሁሉም ልጅ «ላንቺ ብዬ ቀረሁ» ብሎ ዙሪያዋን ሲቀመጥ እናት ሸክም የሆነች ይመስላታል፤ ሁሉም ጥሏት ሲወርድ ደግሞ ዕቃ ጠባቂ ትሆናለች። ተራ ማውጣት ሁለቱንም ያስቀራል። እናቴ ግን እኔንም ከአንድ ሰዓት በኋላ «ሂድ፣ ዙር፣ እኔ ዳዊቴን ልድገም» ብላ አባረረችኝ።

አንዳንድ ቤተሰብ ትኬቱን ገዝቶ ሲያበቃ ለወላጅ «ሰርፕራይዝ» ያደርጋል። መንቀሳቀስ ለሚከብደው ሰው ይህ ስጦታ አይሆንም፤ የሚወጣው ደረጃ የራሱ ነውና ምርጫውም የራሱ መሆን አለበት። ካርታውን ዘርግቶ «ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ብታዪ የቱን ታያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። መርከቡ፣ ወሩና ካቢኑ የሚመረጡት መልሷን ይዞ ነው። የቀረው ወደብ ሁሉ ሲገኝ ይታያል፤ ሳይገኝ ቢቀርም ጉዞውን አያበላሸውም።